ለሁሉም ማዕበል የሚሆን ሰሌዳ

ኢደር በሞሮኮዋ ታጋዙት ባሕር ዳርቻ ካለው ከሽማግሌው ላርቢ ሱቅ ገብቶ፣ ለትንሹም ለትልቁም ማዕበል የሚሆን አንድ መንሸራተቻ ሰሌዳ ጠየቀ። ላርቢ የሚሞርደውን ሰሌዳ ትቶ ቀና አለ። "አንተና ጓደኛህ ሙሓ አጭርና ረጅም ሁለት ሰሌዳ አልነበራችሁም እንዴ? ባሕሩን እያያችሁ ትቀያየሩ የለ?"

"ሙሓ አግብቶ ፈረንሳይ ገባ። የሱን ይዞት ሄደ፤ የኔ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተሰበረ።"

"እንግዲያው ያንተ ይሄ ነው" አለ ላርቢ፣ ከግድግዳው ረጅምና ሰፊ ነጭ ሰሌዳ እያነሳ። "ባሕሩ ቢተኛም ቢቆጣም አይከዳህም።" ኢደር ሰሌዳውን ብብቱ ሥር ሊይዘው ሞከረ፤ ጣቶቹ ግን ጠርዙ ላይ አልደረሱም። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ክንዱን ዘረጋ። አሁንም አልደረሱም።

"እሱ ምንም አይደል" አለ ላርቢ። "ወደ ባሕሩ ቋጥኙን ስትወርድ ነፋሱ እንዳይጥልህ ከኋላ የሚይዝልህ ሰው አታጣም።"

ኢደር ነጩን ሰሌዳ ቀስ ብሎ ቦታው መለሰና አጠገቡ የቆመውን አጭሩን በአንድ ክንዱ አነሳ።

"እሱ እኮ ለትልቅ ማዕበል ብቻ ነው፣ ልጄ። ባሕሩ ጸጥ ሲል ምን ልትሆን ነው?"

ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን እሱና ሙሓ ሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ሰደው፣ ማዕበል መጣ አልመጣ ግድ ሳይሰጣቸው ሲያወሩ ነበር የሚውሉት።

"ያን ቀን ቤቴ እቀመጣለሁ" አለ ኢደር።