የኅሩይ ተወዛዋዥ ወንበር

አሜሪካ ሁለት መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት ሐምሌ፣ ጋሼ ዘርትሁን የሟች ታናሽ ወንድማቸውን የኅሩይን ተወዛዋዥ ወንበር ሊወስዱ ከግሌንዴል ተነሥተው ፌርፋክስ እሟቹ ቤት ድረስ መጡ። ኅሩይ ያንን የጥንት አሜሪካዊ አናጢ ሥራ ሰባራውን ገዝቶ በገዛ እጁ ጠግኖት ነበር።

ሚስቱ ተናኘወርቅ ከሶፋዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ዛሬስ አትነሺልኝም?" አሏት።

"ወንበሩን ሊወስድ ለመጣ አልነሣም፣ ጋሼ። ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"የሙት ወንበር ምን ያደርግልሻል? በይ ላውጣው፤ ፒክአፑን በር ላይ ፓርክ አድርጌዋለሁ።"

ባዶው ወንበር ሲጥ ብሎ ወደ ፊት አዘነበለ፤ ሰው ከላዩ ብድግ እንዳለ ሁሉ ብቻውን ይወዛወዝ ጀመር።

ጋሼ ዘርትሁን ሳያስቡት፣ እንደ ልማዳቸው፣ "በእግዜር፣ ኅሩይ፣ ተቀመጥ" አሉ።

ወንበሩ በቀስታ ወደ ኋላ ዘመመና ቀጥ አለ።