በለቅሶ ድምፅ የተፈረመ ቼክ

በአዲሱ ሕግ ባንክ ቼክ የሚከፍለው ፈራሚዋ ደጃፏ ላይ ሆና፣ በፈረመች ቀን በነበራት ድምፅ «ክፈሉ» ስትል ብቻ ነው። እኔ ለልጄ ለብሌን የነርስነት ትምህርት ቼኩን የፈረምኩት በእህቴ ቀብር ማግስት፣ ድምፄ በለቅሶ ተዘግቶ ሳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬ በዳነ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰ።

ዛሬ ጠዋት የባንኩ ማሽን መጣ።

«ክፈሉ» አልኩ።

«ድምፁ አይመሳሰልም። ሁለት ዕድል ቀርቷል።»

ድምፄን አጎርንኜ ደገምኩ። አሁንም እምቢ አለ። ቼኩ ከተመለሰ የብሌን ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

«እማ፣ እንደዚያን ቀን አልቅሺ» አለችኝ።

«ሰው ሳይሞት? ሟርት ነው።»

«አክስቴ ሞታ የለ?»

ያን ጊዜ እውነተኛው እንባ መጣ። ደረቴን እየደቃሁ፣ እህቴን በስሟ እየጠራሁ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ከዚያ «ክፈሉ» አልኩ።

«ተከፍሏል» አለ ማሽኑ።

ዞር ስል ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞልተውታል።

«ማን ሞተ?» አሉ እትዬ አፀደ።

«ማንም» አልኩ በሹክሹክታ። «ብሌን ነርስ ልትሆን ነው።»

እትዬ አፀደ ነጠላቸውን አቃኑ። እኔ ድምፅ ስላልነበረኝ እልልታውን እነሱ አሉልኝ።