ቀንድ አውጣው ድንጋይ

የቧንቧ ሠራተኛው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ድንጋይ መሰብሰብ ጀምሯል። ለቧንቧ በቆፈረ ቁጥር መልኩ ደስ ያለውን ድንጋይ አራግፎ ኪሱ ይከታል። መስኮቱ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር ድንጋይ ነው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በየቀኑ ባንዱ እየተደናቀፈች «ይኼ ቤት ነው ወይስ የመንገድ ሥራ?» ትላለች።

አንድ ቀን የመጣው ድንጋይ ግን ሌላ ነበር። ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ ሲያስለቅቀው፣ መሃሉ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነገር ብቅ አለ። ሰውየው ይዞት ወደ እህቱ ሮጠ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ድሮ ነፍስ የነበረው ነገር ነው። ቅሪተ አካል ነው።»

እህቱ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው። «እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ይየዋ። ሙዚየም ውሰደው። ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ነው አሉ። ድንጋዩን ግን እዚያ ትተህ እንዳትመጣ፤ ሰው ምኑ ይታመናል?»

ሸሚዝም ተኩሳ ሰጠችው።

የሙዚየሙ ባለሙያ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት፣ በዕድሜ ከሱ ብዙም የማትርቅ ሴት ነበረች። ድንጋዩን በማጉያ መነጽር አየችው። አገላብጣ ደግማ አየችው።

«ይኼ ጊዜ ይፈልጋል» አለች። «የት ነው ያገኙት? ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? እዚህ ቢተዉልኝስ?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው በሳምንቱ ይዘውት ይምጡ» አለችና ሻይ ቀዳችለት። ስኳር የሌለው፣ ልክ እሱ እንደሚወደው።

ቤቱ የደረሰው መሬት ሳይረግጥ ነው ማለት ይቻላል። እህቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አንድ በአንድ አስነገረችው። ምን አለች? ምን ጠየቀች? የት አስቀመጠችህ?

«ድንጋይህን ፈልጋዋለች» ስትል ደመደመች። «ተጠንቀቅ። ደግሞ ፀጉርህን ተቆረጥ። ተዝረክርከህ ከሄድክ ንቃህ ነው የምትነጥቅህ።»

በሳምንቱ ሄደ። የማጉያው መነጽር ተሰንጥቋል ተባለ። በሌላው ሳምንት የማመሳከሪያውን መጽሐፍ ሰው ተውሶታል። ቀጥሎ ደግሞ አለቃዋ ፈቃድ ላይ ናቸው። እሱም ድንጋዩን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ እያቀፈ ይመላለሳል። እሷ ስለደረቁ ባሕሮች ታወራለታለች፤ እሱ ቧንቧ ሲፈነዳ ሰዎች እንዴት እንደሚሆኑ እየተነሳ ያሳያታል። አንድ ቀን ሳቋ እርሳሱን ከፀጉሯ አስወደቀው። በዚያው ቀን «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» መጣ።

ይህን ሲነግራት እህቱ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አንተ አለችህ? በቃ፣ ልትወስደው ደርሳለች። አደራህን፣ እንዳትቀር። ከቀረህ ጠረጠረኝ ብላ ሌላ ተንኮል ትሸርባለች።»

ሰውየው ግን ሌላ ፍርሃት ይዞታል። ድንጋዩ ቢታወቅስ? ከዚያ በኋላ በምን ሰበብ ይሄዳል?

ዝናብ የጀመረ ሰሞን፣ ባለሙያዋ ድንጋዩን ሳታየው ፎጣው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ከዚህ በላይ አልዋሽህም። እውነተኛ ቅሪተ አካል ነው፤ ግን እንዲህ ያለው በየወንዙ ዳር ሞልቷል። መጀመሪያ የመጣህ ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አመላለስሽኝ?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ሰውየው ድንጋዩን በፎጣው መልሶ ጠቀለለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤት እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሌላ ሁለት መቶ ድንጋይ አለኝ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ከጎን ክፍል ያሉት ግድግዳ እስኪደበድቡ ድረስ ሳቁ። ጋብ ሲልላቸው የሰውየው ፊት ጠቆር አለ።

«እህቴስ? ሌባ ናት ብላ ቆርጣለች። አንቺን ይዤ ብሄድ ከነድንጋዬ ታባርረኛለች።»

ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያለቀሰች መስሎት «አይዞሽ፣ ልቧ እንኳ ደግ ነው» እያለ አባበላት።

እሁድ ዕለት ባንድ ጃንጥላ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያጠና ቆየ፤ መጀመሪያ ይቅርታ፣ ቀጥሎ ልመና፣ ካልሆነም እግር ላይ መውደቅ። በሩን አንኳኳ። እህቱ እጆቿን አጣምራ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ በመጀመሪያ እንዳትቆጪ…»

እህቱ በትከሻው አሻግራ ባለሙያዋን ገላመጠቻት። «አንቺ ልጅ፣ ምን እንዲህ አንቀረፈፈሽ? ቀሚስሽን ስሰፋልሽ፣ ክረምቱ ሳይገባ ወንድምሽን ይዤልሽ እመጣለሁ ብለሽኝ አልነበር?»