የጎሮ መውጫ

«ምጥ ለያዛት ይከፈታል አሉ!» ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ከኋላ ወንበር ደገሙት፤ እህቴን ወይንሸትን ደግፈው ይዘዋል። ወሬ በር የሚከፍት ቢሆን እሳቸው ቁልፍ አያጡም ነበር።

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሰው ከቀለበት መንገድ የሚወርደው በተወለደበት መውጫ ብቻ ነው። ጎሮ የተወለደችው እናታችን ጀሞ ያለው ቤታችን መግባት ስለማትችል፣ የአራስ ገንፎ ዱቄቱን ትናንት በመንገዱ አጥር ላይ ነው ያቀበለችን።

ምጡ የመጣባት መንገድ ላይ ነው፤ ጀሞ ሩቅ ነው። ሐኪም ቤቱ ከጎሮ መውጫ ማዶ ይታያል። መኪናውን የመውጫው በር ላይ አስጠጋሁት።

«የጀሞ ተወላጆች ናችሁ፤ መንገዳችሁን ቀጥሉ» አለ በሩ።

«አንተ ቆርቆሮ! እናት ያልወለደችህ ስለ ምጥ ምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«እታለም፣ መጣ!» ወይንሸት ጮኸች።

ሕፃኑ እትዬ ዘርፌ እጅ ላይ አለቀሰ። የወይንሸት ደም ግን አልቆም አለ። ይኼኔ በሩ ተከፈተ።

«የጎሮ ተወላጅ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የሚገባው ሕፃኑ ብቻ ነው።»