ቅል ውስጥ ያለ ድምፅ

በልጅነቱ መደብ ላይ ተኝቶ የሰማው ንግግር ከግማሽ በላይ ጠፍቶበታል። አባቱ፣ «ማን ልበል?» ሲል፣ ከአጥር ወዲያ የሰው የማይመስል ጎርናና ድምፅ፣ «አንዴ ብቅ በል፤ አልቆይብህም» ብሎ መለሰ። አባቱ ወጣ፤ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። እናቱም የምታለቅስበት መቃብር ሳታገኝ ሞተች።

ዛሬ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ድራማ የሰይጣንን ድምፅ ሊቀዳ ጓዳው ውስጥ ማይክሮፎን ተክሏል። ድምፁን የሚሰጡት ያሳደጉት አጎቱ፣ የአባቱ ታናሽ ናቸው። በኮምፒውተር ቢያወፍረው፣ ቢያጎትተው፣ የሚያስፈራ አልሆን አለ።

«ተው ይሄን የጅል ሥራ!» ብለው ሳቁ አጎቱ። «ሰይጣን በኮምፒውተር መች ተናግሮ ያውቃል? ያንን ቅል አቀብለኝ።»

አፋቸውን አንገቱ በተቆረጠው ቅል ውስጥ ከተው፣ ለሙከራ አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ተናገሩ።

«አንዴ ብቅ በል፤ አልቆይብህም።»

የወንድማቸው ልጅ ቀረጻውን አቆመ። አማተበና የተቀዳውን መልሶ አሰማቸው። ደግሞ አሰማቸው። አጎቱ ቅሉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ አባቴን ቤተ ክርስቲያን ላሳርፈው» አለ። «ቦታውን ብቻ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ቅሉን በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ» አሉ በመጨረሻ፣ «አካፋ ይዘህ ተከተለኝ።»