የጋሼ ፈቃደ ጎጆ

ከዋሸሁ ጀፎረ ላይ በሬ ይርገጠኝ፣ ይሄ እውነት ነው። ቡታጅራ፣ የማንነት የሥዕል ሥልጠና ላይ ነን። አሠልጣኟ ረጅም አቡጀዲ ላይ ጀፎረን፣ ያንን የመንደራችንን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ስላ «ሁላችሁም ቤታችሁን ዳርና ዳር ሳሉ» አለች። ተሻምተን ሞላነው። ከጎንደር መጥተው ሠላሳ ዓመት ሀ ሁ ያስቆጠሩን ጋሼ ፈቃደ ብሩሽ እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«የኔን የት ላድርገው፣ ልጆች?»

«ሞልቷል ጋሼ፣ ጎንደር ይሞክሩ» አልኩ ለቀልድ። ሰው ሳቀ። ቀለሙ ጫማቸው ላይ ተንጠባጠበ።

ያኔ አብራን የምትሠለጥነው ሰልሚያ የሳለችውን ገና ያልደረቀ አጥሯን በጣቷ አጥፍታ «ከኛ ጎን ያድርጉት፤ ጎረቤት አይደለን?» አለች። ትንሽ ጎጆ ሳሉ።

እሺ፣ ይቺን የሰልሚያዋን ብቻ ከራሴ ፈጠርኳት። እሷም ከኛው ጋር ስትስቅ ነበር። ጋሼ ምንም ሳይስሉ ብሩሹን አጥበው ቦታው መለሱና ወጡ።