ለፋሲካ የተገዛው ተማሪ

አንድ ሰው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርነት ፈቃድ ለማግኘት የቀረው ፈተና ቆሞ ማስተማር ነው። ለልምምድ የሚሰማው ሰው ግን ጠፋ፤ ሚስቱ እንኳ ገና «ዘመነ መሳፍንት» ሲል ጓዳ ትገባለች። ቢቸግረው ለፋሲካ የተገዛውን በግ ጠዋት ማታ ያስተምረው ጀመር። በጉም እያመነዠከ ያዳምጣል።

የበዓሉ ዕለት አራጁ በር ላይ ቆሞ ቢላዋውን ይስላል።

«አይታረድም!» አለ ሰውየው ጠመኔውን እንደያዘ። «አንድ ቀን እንኳ ከክፍል ቀርቶ የማያውቅ ተማሪ!»

«ታስሮ ነዋ!» አለች ሚስቱ።

«ወዶ ነው እንጂ! ይኸው ፈታሁት፣ እዪ!»

ገመዱን ፈቶ ትምህርቱን ካቆመበት ቀጠለ።

በጉ ጠመኔውን አየ፤ ቢላዋውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደና አራጁ እግር ሥር ተጋደመ።